ውሃ አልገደለውም

ሁለት የንስሐ አባት ቀብሬያለሁ፤ ለሁለቱም ይህን አልተናገርኩም። ስካሬን፣ ምቀኝነቴን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘክዝኬያለሁ። ይህን ግን ዋጥኩት። እናንተ ስሙት፤ ስታበቁ እንዳታዝኑልኝ።

ልደታ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ መንገድ ዳር የአበባ ችግኝ እሸጥ ነበር። ገዢ ሁሉ ቅጠል አይቶ ነው የሚገዛ። ጅል። ሥሩን ልይ ያለችኝ ዘሃራ ብቻ ናት።

ዘሃራ ጌጃ ሰፈር ቅመም ትሸጥ የነበረች ወሎዬ ናት። ሰፈሩ ሲፈርስ እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም ገባች። ከፈረሰው ግቢ ነቅላ ይዛ የወጣችው የሟች እናቷን ጽጌረዳ ነው፤ በባልዲ ተክላ በረንዳዋ ላይ አቆመችው። ብቻውን እንዳይሆን ብላ፣ እዚያው ባልዲ ውስጥ ከጎኑ የምትተክለው ችግኝ ልትገዛ እኔ ዘንድ መጣች።

"ጋሼ፣ እስቲ ገልብጠው ሥሩን ያሳዩኝ" አለች። እናቷ ያስለመደቻት ነው።

"ሥር ገመና ነው፤ አደባባይ አይገለጥም" አልኳት። አጠገቤ ያለው ጫማ ሰፊ ሳቀ። አፍራ ችግኙን ገዛች።

እኔ አውቅ ነበር። ሰንፌ ያልበሰለ ፍግ ከአፈሩ ደባልቄያለሁ፤ ጥንዚዛ እንቁላሏን የምትጥለው እንዲህ ያለው ላይ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት አንዱን የችግኝ ጣሳ ብገለብጥ ሦስት ትል ወጣ፤ ነጭ፣ ወፍራም፣ ራሱ ቡናማ፣ እንደ ማጭድ የተቆለመመ። የቀሩትን ጣሳዎች ግን አልገለበጥኩም። ለምን? አላየሁም ለማለት ነዋ።

ከሁለት ወር በኋላ ባልዲውን አቅፋ መጣች። ጽጌረዳው ጠውልጎ ደርቋል። ግንዱን ይዤ ሳብ ባደርገው እንደ ተሰካ እንጨት እጄ ላይ ቀረ። ውሃ ያበሰበሰው ሥር ይጠቁራል፣ ይሸታል። ይሄ አልሸተተም፤ ተቆርጥሟል። ጣቴን አፈሩ ውስጥ ሰደድኩና ትሉን ዳበስኩት። ዳበስኩት፤ ከዚያ በአውራ ጣቴ ገፍቼ ወደ ታች ቀበርኩት። ይህን የምጽፍባት እጅ ናት ይህን ያደረገችው።

"ውሃ አብዝተሽ ገደልሽው" አልኳት።

"ሩዝ ልታበቅል ኖሯል" አለ ጫማ ሰፊው።

ዘሃራ አላለቀሰችም። "እናቴን ሁለቴ ቀበርኳት በሉኛ፣ ጋሼ" አለች። ባልዲውንም ትታልኝ ሄደች፤ "የኔ እጅ ለተክል አይሆንም፣ ለሚያውቅበት ይስጡልኝ" ብላ። ባልዲውን አጥቤ ሌላ አበባ ተከልኩበትና ሸጥኩት።

ብናገር ምን ትለኝ ነበር? አትመታኝ፣ አትከሰኝ። ትል ሸጠ እንዳልባል ነው የዋሸሁት። ማን እንዳይለኝ? ያ ጫማ ሰፊ! ሱሪዬ ሁለት ቦታ ተጥፎ፣ ለየትኛው ክብሬ ነው የሰውን እናት የሸጥኩት? ትሉስ ተርቦ በላ። እኔ ምን ርቦኝ ነበር?

የኮንዶሚኒየሙ በረንዳ ሁሉ አረንጓዴ ነው። የዘሃራ ላይ ግን የታጠበ ልብስ ብቻ ነው የተሰጣው። ስንት ዓመት ሆነው፣ ዛሬም እጇን እንደረገመች ነው።

ይቅር በሉኝ አልልም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም፣ የእሷ ነው። እሷን ደግሞ አልጠየቅኳትም። በየጠዋቱ በፊቴ ስታልፍ "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ትለኛለች። ነገም ትለኛለች። እኔም "እግዚአብሔር ይመስገን" እላታለሁ።