ጨረር የነካት አይጥ

ቴፒ፣ ሞተር ተራ ላይ፣ በአንድ ባለሥልጣን ቀለድኩና ይዘው ሚዛን ከተማ እስር ቤት ወሰዱኝ። በተረብ የሚችለኝ የለም፤ ከቴፒ እስከ አማን ጠይቁ። ክፍሉን ሳየው ግን ወደ ኋላ አፈገፈግኩ። ግድግዳው ያልበዋል። የሽንት ባልዲው ሞልቷል። ሰው በጎኑ ተደራርቦ ተኝቷል።

እዚያ ቤት አዲስ ገቢ ገንዘብ ከሌለው እስረኛውን በወሬ ያጫውታል። እኔማ ገድያቸው ነበር በሳቅ። ከእኔ ቀጥሎ ቲቸር ገቡ፤ የዩኒቨርስቲ አስተማሪ ናቸው፣ ዓይናቸው ቢጫ የሆነ ትልቅ ሰው። ቀልድ አያውቁም። ተራቸው ሲደርስ ስለ ሥራቸው አወሩ። ለካንሰር የሚሰጠው ጨረር ጉበትን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጀመሪያ አይጥ ላይ እንሞክረዋለን አሉ።

«ጨረር የነካት አይጥ መብላት ትተዋለች። ጉበቷ ግን ስኳር ያጠራቅማል።»

«ሳትበላ ከየት አምጥታ ነው ቲቸር?» አልኳቸው።

«ከገዛ ሥጋዋ። ሥጋዋን እያፈረሰች።»

እንግዲያው እኛም በዚህ ረሃባችን ጉበታችን ውስጥ የስኳር ሱቅ ልንከፍት ነው አልኩ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ።

በማግስቱ መርማሪው አስጠራኝ። ከመሃላችን አንዱ ወሬውን አድርሶ ኖሯል። አስተማሪው ሕዝቡን በጨረር ሊጨርስ አስቧል፣ ለእኔም ነግሮኛል ብለህ ፈርም፣ ዛሬውኑ ቤትህ ታድራለህ አለኝ። የሞተሬን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሳየው እንባዬ መጣ።

«አይጥ ነው ያሉት» አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ስለ ሰው ነው የተናገረው።»

«ስለ ሰው አልተናገሩም ጌታዬ። አይጥ ነው ያሉት።»

በጥፊ አለኝና ቁልፉን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

ስመለስ ቲቸር ምግብ አልነካ ብለዋል። ሆዳቸው ተነፍቷል፣ ፊታቸውም እንደ ዓይናቸው ቢጫ ሆኗል። መርማሪው ያለኝን ነገርኳቸው።

«ብትፈርም እኮ ትወጣ ነበር» አሉኝ።

እንጀራውን በወጥ አርሼ በትንሹ አጎረስኳቸው። ግማሹን ዋጡልኝ።

ሐኪም ጥሩላቸው እያልን በሩን ስንደበድብ ሰነበትን። አንድ ቀን ጠዋት መጥተው ደግፈው አወጧቸው። ወዴት እንደሆነ የነገረን የለም።

እኔ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታሁ። አሁንም ሞተር እነዳለሁ፣ ተሳፋሪም አስቃለሁ። የዩኒቨርስቲ ሰው ኋላዬ ሲቀመጥ ግን አልቀልድም። የቲቸርን ስም ጠርቼ ያውቋቸው እንደሆነ ልጠይቅ እልና መንገዱ ያልቃል። እስካልጠየቅኩ ድረስ አልሞቱም።