ያልተናገሩትን ተረጎምኩ

ነርስነት ለመማር የሚያበቃኝን ኮርስ ልጨርስ አንድ ፈተና ብቻ ቀርቶኝ ነበር፤ ክፍል ፊት ቆሞ ሃያ ደቂቃ መናገር። ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲ ያገኘሁት ቦታ ይጸናል። ከወደቅኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፤ እኔም ለንደን ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሽንት ቤት ማጠቤን እቀጥላለሁ። ርዕሱን በዕጣ ነው ያወጣነው። ለእኔ የደረሰኝ አሜሪካ ራሷን ከዓለም አግልላ መኖርን ትታ እንዴት ባሕር ማዶ እንደወጣች የሚል ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ስለ አሜሪካ የማውቀው ዲቪ መሙላት ብቻ ነበር። ለነርስ ይሄ ምን ያደርግላታል ብዬ አስተማሪዋን ጠየቅኳት። «መረጃ መመዘን ትማሪበታለሽ» አለችኝ። ተናደድኩ፤ ግን አነበብኩ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከአውቶቡስ ወደ አውቶቡስ እየዘለልኩ አነበብኩ። አገሪቱ የራሷን አህጉር ስትውጥ ኖራ ከአውሮፓ ጣጣ ግን እጇን ሰብስባ ቆይታለች። ኋላ ነጋዴው ገበያ ፈለገ፣ መርከቡም ከሰል የሚሞላበት ወደብ ፈለገ። ከስፔን ጋር ተዋጋች፤ ፊሊፒንስን ያዘች። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ቤቷ ገብታ በሯን ልትዘጋ ሞከረች፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን አልገባችም። በየአገሩ የጦር ሰፈር ሠራች። አስመራም አንድ የሬዲዮ ሰፈር ነበራት። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁና የጎረቤቴን በር አንኳኳሁ።

ጎረቤቴ ኤርትራዊ አዛውንት ናቸው። ሼፈርድስ ቡሽ በምኖርበት ሕንጻ፣ ከእኔ ሁለት በር አለፍ ብለው ብቻቸውን ይኖራሉ። አማርኛ የተማሩት በልጅነታቸው ነው፤ ዛሬም ፖሊሱን «ዘበኛ»፣ ክሊኒኩን «ሐኪም ቤት» ይላሉ። በጎረምሳነታቸው እዚያ የአሜሪካኖቹ ሰፈር ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ሠርተዋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አስተርጓሚያቸው እኔ ነበርኩ። እዚህ አገር የኛ ሰው እንዲህ ነው፤ ካውንስል በሚሉት የወረዳ ጽሕፈት ቤትም ሆነ ሐኪም ዘንድ ትልልቆቹ አንድ ወጣት ይዘው ይሄዳሉ፣ የሚናገረው ወጣቱ ነው። እሳቸው አስር ደቂቃ ያወራሉ፣ እኔ ሁለት ዓረፍተ ነገር አደርገዋለሁ። ሐኪሟ ሲጋራ አቁመው እንደሆነ ስትጠይቅ እሳቸው ስለ ትንባሆ ዋጋ ይጀምራሉ። እኔ ሥራ ይረፍድብኛል፤ «አቁመዋል» እላለሁ።

አንድ ቀን ወረፋ ስንጠብቅ፣ ከየት እንዳመጡት ሳላውቅ፣ ስለ ታላቅ ወንድማቸው ነገሩኝ። ጃንሆይ ለዚያ ሰፈር ምትክ ከአሜሪካ የጦር መሣሪያ ያገኙ ነበር። ጎረቤቴ የአሜሪካኖቹን አንሶላ በካውያ ሲተኩሱ፣ የጃንሆይ ጦር አሜሪካ ሠራሽ አውሮፕላን መንደራቸውን ደበደበ፤ ወንድማቸው እርሻ ላይ ከበሬዎቹ ጋር ሞተ። ከዚያ ወዲያ አላነሱትም። እኔም አላነሳሁም።

በሩን ሲከፍቱልኝ ቆሜ ነው የጠየቅኳቸው።

«ጋሼ፣ ክፍል መጥተው ስለ አሜሪካኖቹ ያወሩልኛል? እኔ እተረጉማለሁ።»

«ምን ብዬ?»

«የሚያስታውሱትን።»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ማስታወስ ከጀመርኩ ትምህርት ቤቱን ይዘጉብሻል።» ሳቁ። «እሺ። ክራቫት ልሰር?»

ክራቫት አስረው መጡ። የመጀመሪያውን አስር ደቂቃ እኔ ተናገርኩ፤ መርከቡን፣ ከሰሉን፣ ደሴቶቹን። ፊት ለፊት የምትቀመጥ ፊሊፒናዊት የክፍል ጓደኛዬ የአገሯ ስም ሲነሳ ራሷን ነቀነቀች። አስተማሪዋ ትጽፋለች። የኔ ክርክር አንድ ነበር፤ ትልቅ አገር ከቤቱ ሲወጣ ትንሹ ሰው ይረገጣል። ምስክሬ ደግሞ ይኸው ብዬ ወንበሩን ወደፊት ሳብኩላቸው።

«ጥሩ ሰዎች ነበሩ» ብለው ጀመሩ። «የለውዝ ቅቤ ያበላኝ አለቃዬ ነው። ደሞዝ ቀኑን አያልፍም። እዚያ የመጡት ለኛ ብለው አይደለም፤ ተራራው ከፍ ያለ ስለሆነ ሬዲዮ ከሩቅ ይሰማል። እኛም ለነሱ ብለን አልነበረም የገባነው፤ ለደሞዙ ነው።»

ተረጎምኩ። የአስተማሪዋ እስክሪብቶ ቆመ። እሳቸው ወደ ለውዝ ቅቤው ተመለሱ። ክፍሉ ሳቀ፣ እሳቸውም ደስ አላቸው፣ የኔ ብብት ግን ላብ በላብ ሆነ። ሰባት ደቂቃ ቀርቶኛል፣ ክርክሬን ደግሞ በማንኪያ እየበሉብኝ ነው።

«ጋሼ፣ ስለ አውሮፕላኑስ?» አልኳቸው በአማርኛ።

ክራቫታቸውን ላላ አደረጉ። ከዚያ ቀስ ብለው «እሱን ተይው» አሉኝ።

«ሰዓቱ እያለቀ ነው እኮ።»

«ተይው አልኩሽ።»

ወደ ክፍሉ ዞርኩና በእንግሊዝኛ ስለ ወንድማቸው ተናገርኩ። መንደሩን፣ እርሻውን፣ በሬዎቹን። እሳቸው አሁን እንዳሉት አድርጌ። እስክሪብቶው መሮጥ ጀመረ። ደስ አለኝ፤ ይህን አልደብቅም፣ ደስ አለኝ።

ፊሊፒናዊቷ እጇን አወጣች። እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች፣ «የወንድምዎ ስም ማን ነበር?» አለች። ልተረጉም አፌን ስከፍት እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«እኔ ስለ ወንድሜ አንድም ቃል አልተናገርኩም፣ እመቤቴ» አሉ። በእንግሊዝኛ። ያውም በአሜሪካን እንግሊዝኛ፣ ቃሉን በአፍንጫ እየጎተቱ። «ያንን የጨመረችው እሷ ናት።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ከ«ታንክ ዩ» በቀር አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። አስተማሪዋ ወደኔ ዞረች። «እውነት ነው?»

አርጅተዋል፣ ያሉትን ይረሳሉ ማለት እችል ነበር። አስተማሪዋ ያንን ለማመን ዝግጁ እንደነበረች ፊቷ ላይ አየሁ፤ እንዲያውም ልትረዳኝ የፈለገች ትመስል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚበቃኝ። እሳቸው እያዩኝ ነው። አይለምኑም፣ አይቆጡም፤ ምን እንደምል ብቻ ይጠብቃሉ።

«እውነት ነው» አልኩ። «ሌላ ቀን ነው የነገሩኝ። ዛሬ ተይው ብለውኝ ነበር።»

አስተማሪዋ ደብተሯን ዘጋች። የዛሬው አይቆጠርም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ብቻሽን ትደግሚዋለሽ፣ ብታልፊም ከማለፊያው በላይ አታገኚም አለችኝ።

አውቶቡስ ላይ ገና ሳንቀመጥ ፈነዳሁ። «እንግሊዝኛ ይችላሉ!»

«ስድስት ዓመት ከነሱ ጋር ውዬ ምን ልቻል? ቻይንኛ?»

«ታዲያ እኔን ከሥራ እያስቀሩ ለምን ይጎትቱኛል?»

«ብቻዬን ስሄድ ‹ገባህ አይደል? ፈርም› ይሉኛል። አስተርጓሚ ካለ ይጠነቀቃሉ። ደግሞ አንቺ እስክትጨርሺ መልሴን አስባለሁ።»

«ስለ ሲጋራውም ይሰሙኝ ነበር ማለት ነው?»

«እሰማሽ ነበር። ጠቀመኝ፣ ዝም አልኩ።»

«ሲጋራው ውሸት ነበር፣ ጋሼ። ይሄ ግን እውነት ነው! በእውነት ተናግሬ ልወድቅ ነው?»

መስኮቱ አጠገብ ተቀመጡ።

«የሞተ ዕለት አንሶላ ስተኩስ ነበር» አሉ መስኮቱን እያዩ። «ሰማሁ። በማግስቱም ሥራ ገብቼ አንሶላ ተኮስኩ። አለቃዬ ዓይኔን አይቶ ሻይ አፈላልኝ። ይሄንንስ ጨምረሽ ትናገሪው ነበር? ጥሩ ሰዎች ነበሩ ስላቸው ውሸቴን መሰለሽ?»

ያን ቀን እንኳ ይቅርታ አላልኳቸውም፤ ያኔም በልቤ የማስበው ስለ ዩኒቨርሲቲ ቦታዬ ነበር።

በሳምንቱ ብቻዬን ቆምኩ። ተራራው ለሬዲዮ እንደሚመች ተናገርኩ። የመጡት ለከፍታው፣ የገባነው ለደሞዙ ያሉትንም ቃል በቃል አቀረብኩ፤ መጀመሪያ ስሰማው ለክርክሬ የማይረባ መስሎኝ ነበር። ፊሊፒናዊቷ እጇን ከፍ አደረገች።

«ወንድማቸውስ?»

«እሱ የሳቸው ነው» አልኳት። «እኔ አልናገረውም።»

ማለፊያውን አገኘሁ፤ አንድም ነጥብ አልተረፈኝም። በዚያው ከሰዓት በራቸውን አንኳኩቼ «አለፍኩ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ይቅርታ» የሚለውንም ቶሎ ቶሎ ብዬ ጨመርኩበት።

በሩን እንደያዙ «ስለኔ ምን አልሽ?» አሉኝ።

«አንሶላ ይተኩሱ ነበር አልኩ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላልኩም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ግቢ ግን አላሉኝም። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ ለብዙ ወራት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለማንም ሳላሳይ ወስጄ አነበብኩላቸው። ወንድማቸው የሞተበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እንድቀጥል በእጃቸው አሳዩኝ። አውቶቡስ ላይ የነገሩኝ ጋ ስደርስ እሳቸው አስቆሙኝ።

«የማግስቱን ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ። ሰርዢው ካሉኝ እሰርዘዋለሁ።»

«አትሰርዢው» አሉ። «ስም ብቻ አትጥሪ።»