አንዴ ድገሙልኝ

ባሌ ታጠቅ ፍርሃት የማያውቅ ሰው ነበር። ትምህርት እስኪጀምር ድረስ ማለቴ ነው። ናዝሬት ውስጥ ስንት ዘመን ሰርግ ሲያነሳ ኖሯል፤ ፍራንኮ ሰፈር ያለችውን ፎቶ ቤታችንን የማያውቅ ሙሽራ የለም። የሚታወቀው ደግሞ ከካሜራው ይልቅ በአፉ ነው። ሙሽሮቹ ኬክ ሲጎራረሱ፣ ቀለበት ሲያደራርጉ፣ የወላጅ ጉልበት ሲስሙ አንድ ነገር ካላማረው እጁን ወደ ላይ ያነሳና «አንዴ ድገሙልኝ! ካሜራው አልጠገበም!» ይላል። ሰው ይስቃል፣ እነሱም ይደግማሉ። መቂ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ምርቃቱን ደጋግሞ ሲያስመርቃቸው «ተው ልጄ፣ በዚህ አያያዝህ መንታ መንታ ነው የሚወልዱት» ብለውታል።

መብራት ያዧ፣ የቬሎ ጭራ አስተካካይዋ፣ አልበም ሠሪዋ ደግሞ እኔ ሚስቱ ሻሼ ነኝ። ስለዚህ የማወራው ሰምቼ ሳይሆን አጠገቡ ቆሜ ያየሁትን ነው።

አንድ ቀን ተነስቶ አዲስ አበባ ልማር ነው አለኝ። የፎቶግራፍ ታሪክና ንድፈ ሐሳብ። «ፎቶ ደግሞ ታሪክ አለው እንዴ? ደግሞስ አንተ ስንቱን ስታነሳ ኖረህ ምን ቀረህና ነው የምትማረው?» አልኩት። «ማንሳቱንማ እችላለሁ፤ የማነሳው ነገር ምን እንደሆነ ግን አላውቅም» አለኝ። ይኸው፣ በሽታው ከዚህ ጀመረ። ሰርግ በሌለበት ቀን አውቶቡስ ይሳፈራል፣ ተምሮ ይመለሳል፣ ጠዋት ቁርስ ላይ ያስተምረኛል። ድሮ ፎቶ ለመነሳት ሰው ረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቀመጥ ነበረበት፤ እንዳይወዛወዝ አንገቱን ከኋላ በብረት ይደግፉት ነበር አለኝ። «የናዝሬት ሚዜ ቢሆን ብረቱን ነቅሎ ይጨፍርበት ነበር» አልኩት። ያኔ ገና ይስቅ ነበር።

መሳቁ የቀረው ስለዚያ ስለ መድፍ ጥይት ከተማረ ወዲህ ነው። በድሮ ጊዜ በአንድ ጦርነት የተነሳ ፎቶ አለ አሉ፤ ባዶ መንገድ ላይ የመድፍ ጥይት ተበትኖ ይታያል። ከዚያው ቦታ የተነሳ ሌላ ፎቶ ላይ ግን መንገዱ ንጹህ ነው። ፎቶ አንሺው ራሱ ጥይቱን አስመጥቶ በትኖት ይሆን ወይ እያሉ ምሁራኑ ይከራከራሉ። ታጠቅ ይህን ነግሮኝ እንጀራውን ሳይጎርስ ቀረ። «ሻሼ፣ እኔም እኮ ስኖር ጥይት ስበትን ነው የኖርኩት። እያንዳንዱ አልበም ውስጥ ያለው ሁለተኛው መሳም ነው። እውነተኛው የት ሄደ?» አለኝ።

«ኧረ በሞቴ! ሙሽራ ኬክ ስለደገመ ጦርነት ነው?» አልኩ። አልሰማኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ድገሙልኝ ማለት አቆመ። ለመመረቂያው የሚጽፈውም ስለዚሁ ነው፤ የተደገመ ፎቶ ውሸት ነው እያለ ነው የሚጽፈው። እንግዲህ ሰርግ አይጠብቅም። አንዱ ሙሽራ ኬኩን ሲያጎርስ ዓይኑን ጨፍኖ ወጣ፤ ሌላዋ ቀለበት ስታጠልቅ የሚዜው ክርን ሸፈናት። ስድቡን የምቀበለው እኔ። እሱ ደግሞ ካሜራውን ባነሳ ቁጥር እጁ ይርበተበታል፣ ያልበዋል። እንዳያመልጠው ይፈራል፤ ካመለጠው ደግሞ እንደማይመለስለት ያውቃል።

በዚህ መሀል ነው ቢኒያም የመጣው። ቤተሰቡ ወንጂ የሚኖር ነው፤ አባትየው አቶ ገሠሠ ስኳር ፋብሪካው ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ አገር የሚያከብራቸው ሰው ናቸው። የእህቱን የሊዲን ሰርግ እንድናነሳ ቀድሞ ተስማምተን ነበር። ያን ቀን ወንበር ብንሰጠውም አልተቀመጠም። በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋና «አባዬ በጣም ታሟል» አለ። «ሐኪሞቹ ብዙ ጊዜ የለውም ብለውናል። ሊዲ አታውቅም።»

ሊዲ የምትሠራው ድሬዳዋ ነው፤ የመጣችው ለሰርጉ ነው። አባቷ ለምን እንዲህ ከሱ ብላ ስትጠይቅ ጨጓራ ነው ብለዋታል። እንዲህ እንዲባል ያዘዙት ደግሞ ራሳቸው አቶ ገሠሠ ናቸው። «ልጄ ከቤቴ በእንባ አትወጣም። ከመልሱ በኋላ ትሰማለች» ብለው ቤቱን ሁሉ አስምለዋል።

«ጋሼ ታጠቅ፣ ጉልበቱን ስትስመው የምትነሳውን ፎቶ አደራዎን» አለ ቢኒያም። «ከዚያ በኋላ ሌላ አይኖራቸውም። ክሳቱም እንዳይጎላብን።» ይህን ብሎ ወጣ።

አደራ! ለዚህ ለሚርበተበት ሰው! እኔና ታጠቅ ተያየን። ሆድ ይፍጀው አልን እንጂ፣ ያን ሰሞን ቤታችን ውስጥ እህል አልተበላም ብል ይቀላል። አንዴ ሌንስ ይወለውላል፣ አንዴ ባትሪ ይቆጥራል። «አስተማሪያችን ፎቶ ማለት 'ነበረ' ማለት ነው ይለናል» አለኝ። «ሰውየው ገና ቁጭ ብለው እያዩኝ፣ እኔ 'ነበሩ' ልላቸው ነው የምሄደው። ሻሼ፣ ልጅቷ ፊቴን አይታ ብታውቅስ?»

«ፊትህን ካሜራው ይሸፍነዋል» አልኩት። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ግን ሁለታችንም ብንፈራ ሰርጉን ማን ያነሳዋል?

የሰርጉ ዕለት ወንጂ ገና በጠዋቱ ሞቃለች። ጎረቤቱ በኦሮምኛ «ባጋ ገመዳን!»፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ እያለ ይገባል፣ ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ይዘፍናሉ። አቶ ገሠሠ ግራጫ ሱፋቸውን ለብሰው ሳሎን ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል። ሸሚዛቸውን እስከ ላይ ቆልፈውታል፤ በአንገታቸውና በኮሌታው መሀል ግን እጅ ያስገባል። እኔ መብራቱን ዝቅ አደረግሁት፣ ጥላው እንዳይከብድባቸው። ሊዲ ደግሞ ደስታ በደስታ ናት። «እቴ ሻሼ፣ ይሄ ጫማ ገደለኝ! ለመኪናው ያድርሰኝ ብቻ!» እያለች ትንከተከታለች።

ሙሽራው መጣ፣ በር ላይ እንደ ደንቡ ሴቶቹና ሚዜዎቹ ተከራከሩ፣ ተገባ። የቪዲዮ ባለሙያው መኪናዎቹን ሊቀርጽ ወደ ደጅ ወጣ። መጀመሪያ የእናትየውን የወይዘሮ መሰለችን ጉልበት ሳሙ። ታጠቅ አነሳ። ከዚያ ሊዲ ወደ አባቷ ዞረች። ታጠቅ አንድ ጉልበቱ ላይ ተንበረከከ፣ ትንፋሹን ያዘ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ? የሙሽራዋ አክስት ከየት መጣች ሳንል ታብሌቷን እንደ ሰፌድ ዘርግታ መሀላችን ገባች። በኋላ ሲታይ ታብሌቱ የቀረጸው የራሷን አፍንጫ ነው፤ ወደ ራሷ አዙራው ኖሯል! ታጠቅ ወደ ግራ ሲል እሷም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲል እሷም ወደ ቀኝ። አቶ ገሠሠ «ውለዱ፣ ክበዱ፣ እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርጋችሁ» ብለው ጨረሱ። ሊዲ ጎንበስ ብላ ብድግ አለች፤ ቬሎዋን ሰብስባ፣ እየሳቀች፣ ወደ በሩ ተራመደች። ደጅ መኪናዎቹ ጡሩምባ ይነፋሉ።

 ወደ ባሌ ዞርኩ። አመድ መስሏል። «በል እንጂ! ድገሙ በላቸው!» ብዬ ጎኑን ቆነጠጥኩት። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ያ ሁሉ የሚጽፈው ነገር አፉን እንደያዘው አይቻለሁ። በሩ ላይ ቢኒያም ዓይኑን ታጠቅ ላይ ተክሎ በዓይኑ ይለምነዋል። ሊዲ ደፉን ልትሻገር ነው።

«ሊዲ!» አለ ታጠቅ። ድምፁ የእሱ አልነበረም። «እባክሽ… አባትሽን… አንዴ ድገሚልኝ።»

ቀልድ የለ፣ ካሜራው አልጠገበም የለ። እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ዘፈኑ እንኳ ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሴቶች አፍ ላይ ቀረ። ሊዲ ዞረች። ሳቋ ገና ፊቷ ላይ ነበር። ታጠቅን አየችው። ቢኒያምን አየችው፤ አቀረቀረ። እናቷን አየቻት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። መጨረሻ ላይ አባቷን አየች፣ ያንን የኮሌታ ክፍተት አየች። ያኔ ሳቁ ጠፋ። አወቀች።

አልጮኸችም። ጫማውን እዚያው በሩ ላይ አወለቀችና በባዶ እግሯ ተመልሳ መጣች። እፊታቸው ተንበርክካ ጉልበታቸውን አቀፈች፣ ፊቷን ቀበረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አቶ ገሠሠ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳረፉ፤ ምርቃት አልወጣቸውም።  ታጠቅን ሳየው ካሜራውን ወደ መሬት አውርዶታል። አፍሯል፤ የሰው አደራ በልቶ ደግሞ እንዴት ያንሳ?

አቶ ገሠሠ ቀና ብለው በቀጥታ አዩት። «አንሳ እንጂ ልጄ!» አሉት። «ምን ትጠብቃለህ?»

አነሳ።

ሰርጉ እንደ ሰርግ አለፈ፣ መልሱም ተበላ። ማንም ቃል አልተናገረንም፤ ታጠቅ ግን ራሱን ከሰሰ። ትምህርቱንም ተወው። «ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ነበር የለመኑት፣ በእንባ አትውጣ ብለው። እኔ አስወጣኋት» ይላል። ፎቶ ቤቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ሊዲ ናት ብሎ ይደነግጣል። ብዙም ሳይቆይ አቶ ገሠሠ አረፉ። ቢኒያም ደወለና ለለቅሶው የሚሆን ፎቶ ጠየቀን። በሕይወት ሳሉ በመጨረሻ ካሜራ የተመለከቱት ሊዲ ጉልበታቸውን ባቀፈችባት ፎቶ ነው፤ እሳቸውን ብቻ ቆርጣችሁ አሳድጉልን አለ።

ታጠቅ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። ፊታቸውን ለብቻው ሊያወጣ ይሞክራል፣ የልጅቷ ፀጉር ከታች ይቀራል፤ ያጠፋል፣ እንደገና ይጀምራል።  በዚህ መሀል በሩ ተከፈተ። ጥቁር ለብሳ፣ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ሊዲ ገባች።

የኔ ጀግና መጋረጃው ኋላ ሊገባ ተነሳ። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ተሳስመን «ነፍስ ይማር» አልናት። ዓይኗ ኮምፒውተሩ ላይ አረፈ። 

«ሊዲዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ ታጠቅ መሬት መሬት እያየ። «ያን ቀን ዝም ብል ኖሮ እየሳቅሽ ነበር የምትወጪው። አባትሽም የፈለጉት ይህንኑ ነበር።»

«አዎ፣ እየሳቅኩ እወጣ ነበር» አለች። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ጎንበስ ስል ምን እያሰብኩ እንደነበር ያውቃሉ? ጫማዬን። መቼ ነው የማወልቀው እያልኩ ነበር። እኔ አባቴን የሳምኩት በሁለተኛው ነው።»

  ጎንበስ ብላ ጣቷን ስክሪኑ ላይ፣ የገዛ ፀጉሯ ላይ አሳረፈች።

«እኔን አይቁረጡኝ» አለች። «እንዳለ ያትሙት።»

እንዳለ አተመው።