አራተኛው መስመር

የሽምደዳ ንግሥት ነበርኩ። ይህን የምለው በጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ትንሽ በጉራ ነው። ፈተና ሲደርስ ደብተሬን ይዤ ግቢያችን ውስጥ ከውሃ ታንከሩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውሃ ታንከሩ እየተመላለስኩ ጮክ ብዬ አነበንባለሁ። ተከራዮቻችን የፈተና ሳምንት መግባቱን የሚያውቁት በእኔ እግር ነው። እማዬ ልብስ እያሰጣች «ጀመራት!» ትላለች። ባዮሎጂውንም፣ ታሪኩንም፣ የሂሳብ ፎርሙላውንም እኩል ነበር የምውጠው። ከክፍሌ አንደኛ እወጣለሁ፣ ዘመድ ሁሉ ይመርቀኛል፣ ክረምት ሲገባ ያጠናሁት በሙሉ ከጭንቅላቴ ይወጣል። ማን ይጠይቀኛል?

አስራ አንደኛ ክፍል ስገባ ጦር ኃይሎች አካባቢ፣ ከአንድ የመጋረጃ መሸጫ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የኮምፒውተር ሳይንስ ትምህርት እንደሚሰጥ ሰማሁ። ኮድ መጻፍ ልማር ብዬ አባዬን ለመንኩት። አባዬ ኮልፌ ውስጥ የብርጭቆና የላስቲክ ዕቃ ሱቅ አለው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሱቁ የሚጨናነቅበት ቀን ስለሆነ እኔን መልቀቅ ቀላል አልነበረም። «እሺ፣ ሐሙስ ከትምህርት ቤት መልስ ትክሺኛለሽ» ብሎ ፈቀደ።

የመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ልጆች በአንድ ክፍል ተጣብበን ተቀመጥን። አስራ ሁለት ኮምፒውተሮች ግድግዳውን ተደግፈው፣ የላስቲክ ሽፋናቸውን እንደለበሱ ተደርድረዋል። አስተማሪያችን ሽበት ጣል ጣል ያለባቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው። ወደ ኮምፒውተሮቹ ዞር ብለው እንኳ ሳያዩ ሰሌዳው ላይ «እውነት» እና «ሐሰት» ብለው ጻፉ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ አልወጣንም።

አንድ ቀን ከአስኮ የምትመጣ፣ ሁልጊዜ ኋላ የምትቀመጥ ቀልደኛ ልጅ አላስችል ብሏት «ቲቸር፣ ኮምፒውተሮቹ ለጌጥ ናቸው?» አለች።

«ኮምፒውተር ያዘዝሽውን ነው የሚሠራው» አሏት። «ያዘዝሽው ነገር ልክ ይሁን ስህተት እሱ አይነግርሽም። መጀመሪያ አንቺ እወቂ።»

ከዚያ ለሁላችንም ጥያቄ ወረወሩ። «የአስኮ ታክሲ ሁሉ ሞልቷል» የሚለው አረፍተ ነገር ሐሰት ከሆነ እውነቱ ምንድን ነው? ሁላችንም በአንድ ድምፅ «ሁሉም ባዶ ነው!» ብለን ጮህን። ቲቸር ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንድ ክፍት ወንበር ያለው አንድ ታክሲ ይበቃል።»

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ደረጃውን የወረድኩት እየተንሳፈፍኩ ነው። ስለ ታክሲ ሁሉ የሚናገር ያን የሚያህል አረፍተ ነገር በአንዲት ወንበር ሲወድቅ! ፌርማታው ላይ ቆሜ የሚያልፉትን ታክሲዎች በመስኮት አጮልቄ ሳይ፣ ረዳቱ «ትገቢያለሽ ወይስ ቆጠራ ላይ ነሽ?» ብሎ ጮኸብኝ። ቤት ስደርስ እማዬ «አንቺ ሁልጊዜ ታረፍጃለሽ» አለችኝ።

«ማክሰኞ በሰዓቱ መጥቻለሁ» አልኳት። «ስለዚህ ሁልጊዜ የሚለው ሐሰት ነው።»

«ሂጂ ወዲያ! እኔ ላይ ነው የምትለማመጂው?» አለችና ሳቋን እንዳላይባት ፊቷን ወደ ማጠቢያው ሳፋ አዞረች።

ስድስተኛው ሳምንት ላይ ቲቸር ቁርጡን ነገሩን። በሚቀጥለው ቅዳሜ እያንዳንዳችን ዕጣ አንስተን፣ የደረሰንን ማረጋገጫ፣ ማለትም አንድ ነገር እውነት የሚሆንበትን ምክንያት መስመር በመስመር፣ ሰሌዳ ላይ ወጥተን እናቀርባለን። ከሠላሳችን አስራ ሁለቱ ወደ ኮምፒውተሮቹ ያልፋሉ፤ የቀሩት ትምህርታቸው እዚያ ላይ ያበቃል። ከምንም ነገር በላይ መቅረት አልፈለግኩም። ግን ስምንት ማረጋገጫ ብቻ እኮ ነው የተማርነው! ይሄ ለሽምደዳ ንግሥት ምኑ ይከብዳል? ሳምንቱን ሙሉ ከታንከሩ እስከ በሩ ተመላለስኩ።

ዕጣ ሳነሳ የሁለት ስኩዌር ሩት ደረሰኝ፦ በራሱ ሲባዛ ሁለት የሚሆነው ቁጥር በክፍልፋይ ሊጻፍ እንደማይችል አረጋግጪ። ከስምንቱ በጣም የምወዳት እሷን ነበር። ስድስት መስመር ናት፣ ያለ ትንፋሽ ጻፍኳት። አንደኛ፣ እስቲ ክፍልፋይ ነው እንበል፤ ላይኛውና ታችኛው ቁጥር የጋራ አካፋይ እስከማይቀራቸው ድረስ አቃለነዋል። ሁለተኛ፣ ላይኛው በራሱ ሲባዛ፣ ታችኛው በራሱ ተባዝቶ የሚሰጠው ቁጥር እጥፍ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ስለዚህ ላይኛው በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ለሁለት ይካፈላል። አራተኛ፣ ስለዚህ ላይኛው ራሱም ለሁለት ይካፈላል። አምስተኛ፣ በዚያው መንገድ ታችኛውም ለሁለት ይካፈላል። ስድስተኛ፣ ነገር ግን የጋራ አካፋይ የላቸውም ብለን ነበር፤ ስለዚህ ክፍልፋይ ነው ማለታችን ሐሰት ነው። አለቀ። ተጨበጨበልኝ።

«ጎበዝ» አሉ ቲቸር። «በሁለት ፈንታ ሦስት ቢሆንስ?»

ሁለት የነበረበት ሁሉ ሦስት አስገባሁ። ልክ ነው።

«አራትስ?»

እጄ አንዴ ሞቋል፣ ምን ያቆመዋል! ሦስት የነበረበት ሁሉ አራት አስገብቼ፣ መጨረሻው ላይ «ስለዚህ የአራት ስኩዌር ሩት በክፍልፋይ ሊጻፍ አይችልም» ብዬ አሰመርኩበትና ጭብጨባ ጠበቅኩ።

ከኋላ የአስኮዋ ልጅ ድምፅ መጣ። «የሁለትን ነፍስ ይማርልን! ከአንድ በኋላ ቀጥታ ሦስት ነው ማለት ነው።»

ያኔ ገባኝ። የአራት ስኩዌር ሩት እኮ ሁለት ነው፤ ሁለት ደግሞ ሁለት ለአንድ ተብሎ በክፍልፋይ ይጻፋል! ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የማውቀው፣ ጣቶቼ ላይ ያለው ሁለት። እኔ ደግሞ በስድስት መስመር፣ በሚያምር እጅ ጽሑፍ፣ ሁለት ሁለት ሊሆን እንደማይችል አረጋግጫለሁ። ሳቁ ደረጃው ድረስ ተሰማ። ቲቸር ግን አልሳቁም።

«ድምዳሜሽ ሐሰት ነው» አሉ። «ስለዚህ ከመስመሮቹ ቢያንስ አንዱ ዋሽቷል። ለቅዳሜ የትኛው እንደሆነና ለምን እንደሆነ ትነግሪኛለሽ። አስራ አንዱ ቦታ ተይዟል። የአንቺን ያቆየሁልሽ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው።»

ያን ሳምንት ግቢው ውስጥ ስመላለስ ምንም ድምፅ አላወጣም ነበር። ምን ብዬ ላውጣ? የሚሸመደድ ነገር የለም። ስድስቱን መስመር ደጋግሜ አየኋቸው፣ ሁሉም ፊታቸው ንጹሕ ነው። ተከራያችን እንኳ «ምነው፣ አሟት ነው?» ብላ እማዬን ጠየቀቻት።

ሐሙስ ወደ ሱቅ ሄድኩ። ከቡራዩ የመጣች ሻይ ቤት ልትከፍት ያለች ደንበኛ አንድ ካርቶን ብርጭቆ ገዝታ፣ ትሪዎቼ አራት አራት ነው የሚይዙት፣ በአራት በአራት ጠቅልሉልኝ ብላ ነበር። አባዬ ካርቶኑን ለእኔ ሰጠኝ። ከፈትኩት። ብርጭቆዎቹ ስድስት በስድስት ሆነው ተደርድረዋል፤ ሠላሳ ስድስት። በጋዜጣ መጠቅለል ጀመርኩ። ከመጀመሪያው ረድፍ አራት ሳነሳ ሁለት ይተርፋል። ከሁለተኛውም አራት ሳነሳ ሁለት ይተርፋል። ከአንዱ የተረፈውን ሁለት ከሌላኛው ሁለት ጋር አድርጌ አራት አደርጋለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ ጥቅል ሠራሁ፤ ካርቶኑ ውስጥ አንድም ብርጭቆ አልቀረም።

እጄ ባዶው ካርቶን ውስጥ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

ካርቶኑ በሙሉ ለአራት ተካፈለ። ረድፉ ግን ለአራት አይካፈልም! ሠላሳ ስድስት ደግሞ ምንድን ነው? ስድስት በራሱ ተባዝቶ። በራሱ ሲባዛ ለአራት የሚካፈል፣ ራሱ ግን ለአራት የማይካፈል ቁጥር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር።

«አራተኛው መስመር!» ብዬ ጮህኩ።

አባዬ ከባንኮኒው ጀርባ ብድግ አለ። «ሰበርሽው?»

«ሰበርኩት አባዬ! ሰበርኩት!»

«ስንቱን?»

«ብርጭቆውን አይደለም፣ መስመሩን!»

ቆማ ስትጠብቅ የነበረችው ደንበኛ ጥቅሎቿን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ልጅቷ ደህና ናት?» አለች ቀስ ብላ።

«ትምህርት ነው» አለ አባዬ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም ሳይገባው።

ግን እኮ ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሳስበው፣ አራተኛው መስመር ለአራት ከዋሸ ለሁለት ለምን እውነት ሆነ? መቶ ጊዜ ብዬዋለሁ፤ አንድ ጊዜም ጠይቄው አላውቅም። ጎዶሎ ቁጥር በጎዶሎ ሲባዛ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ቁጥር በራሱ ተባዝቶ ለሁለት ከተካፈለ፣ ራሱ ጎዶሎ ሊሆን አይችልም። ሁለት እንደ አራት በብዜት አይከፈልማ፤ ወይ አለ ወይ የለም። አራት ግን ሁለት ሁለቶች ነው። አንደኛው ስድስት አንድ ሁለት ያመጣል፣ ሌላኛው ስድስትም አንድ ሁለት ያመጣል፤ አራት ማንኛቸውም ጋ ሳይኖር ሲገናኙ ይፈጠራል። ልክ ከሁለቱ ረድፎች እንደተረፉት ብርጭቆዎች።

ሱቁን ዞር ብዬ አየሁት። ሳፋው፣ ጀሪካኑ፣ ጣሪያ ድረስ የተከመረው ካርቶን ሁሉ በቦታው ነው። ሰው በመንገዱ ያልፋል፣ ረዳቶች ይጮኻሉ፣ የአስር ሰዓት አዛን እየተሰማ ነው። ይሄ ነገር እኔ ሳልወለድም እውነት ነበር፤ ሱቁ ሳይከፈት፣ ብርጭቆ ራሱ ሳይሠራ። ማንም ያልደበቀው፣ ማንም ሊለውጠው የማይችለው፣ እኔ ግን በገዛ እጄ የነካሁት። እጄን ደጋግሜ አየሁት። እውነት ለመናገር ትንሽ ፈራሁ። ደስ የሚል ፍርሃት ነው፣ ትልቅ ሕንፃ ሥር ቆሞ ወደ ላይ እንደማየት።

ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ ወጣሁ። አራተኛውን መስመር አክብቤ፣ ስድስትን አስገብቼ ጣልኩት። ለሁለት ለምን እንደማይወድቅም አስረዳሁ። ለሦስት ትንሽ ተንተባተብኩ፣ ግን ደረስኩበት። ቲቸር እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ስምንትስ?» አሉ።

አዲሱን መሣሪያዬን ይዣለሁ፣ ምን ያስፈራኛል! አራት በራሱ ሲባዛ አስራ ስድስት ነው፤ አስራ ስድስት ለስምንት ይካፈላል፣ አራት ግን አይካፈልም። «አራተኛው መስመር እዚህም ይወድቃል» አልኩ። «ስለዚህ የስምንት ስኩዌር ሩት...»

በክፍልፋይ ይጻፋል ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ግን ማርከሩ አየር ላይ ቆመ። ይሄ «ስለዚህ» ከየት መጣ? መስመሩ ወደቀ ማለት በዚህ መንገድ አይደረስም ማለት ነው እንጂ የምደርስበት ቦታ የለም ማለት አይደለም። አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሙሉ ለፍቼ ያገኘሁትን ነገር መልሼ ልሸመድደው ነበር!

በሕይወቴ ሰሌዳ ፊት ቆሜ «አላውቅም» ብዬ አላውቅም ነበር። አስራ ሁለተኛው ወንበር ከእጄ ሲያመልጥ ታየኝ፤ ግን የማላውቀውን አውቃለሁ ማለት ከዚያ የባሰ መስሎ ተሰማኝ።

«ማረጋገጫው ለስምንት አይሠራም» አልኩ። «ድምዳሜው ግን እውነት ይሁን ሐሰት... ገና አላውቅም።»

ቲቸር ወረቀታቸውን ሳቡና ጻፉ። «አስራ ሁለት ሞላ» አሉ። «ተቀመጪ።»

ያለፈው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ወደ ኮምፒውተሮቹ ተንጋጋ፣ የላስቲክ ሽፋኖቹ ተገፈፉ፣ ክፍሉ በማብሪያ ድምፅ ተሞላ። ቲቸር ሰሌዳውን ሊያጸዱ ዳስተር አነሱ። እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ። ስምንት እኮ አራት ጊዜ ሁለት ነው! የእሱ ስኩዌር ሩት የሁለት ስኩዌር ሩት እጥፍ ነው። ያ ክፍልፋይ ቢሆን ኖሮ ግማሹም ክፍልፋይ ይሆን ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ያችው የሁለት ስኩዌር ሩት...

«ቲቸር፣ አንዴ! እንዳያጠፉት!» ብዬ ተመልሼ ሮጥኩ።

ዳስተሩን ዝቅ አደረጉና ማርከሩን አቀበሉኝ። ሦስት መስመር ብቻ ናት። ጻፍኳት።