ዳዊት ደጋሚው ዓሣ

የደብረ ማርቆስ ጎረቤቶቼ ከኋላዬ «እባብ አሳዳሪዋ» ይሉኝ ነበር። ፊት ለፊትማ ማን ደፍሮ! ዓሣ ነው፣ ከባሕር የመጣ ዓሣ ነው እያልኩ ማስረዳቱ ቢታክተኝ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር እባብ ይመስላል። ክንድ ተኩል ይረዝማል፣ ቅርፊት የሚባል የለውም፣ ቡናማ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ጣል ጣል ብሎበታል፣ ጥርሱ መርፌ ነው። ባሌ ምፅዋ ወደብ ላይ ሲሠራ ከአጥማጆች ገዝቶ በመስታወት ሣጥን ያሳደገው ነው።

እዚያው ምፅዋ ልጃችንን ወባ ወሰደብን። ስድስት ዓመቷ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሕሩንም ሙቀቱንም ማየት ስላስጠላን ባሌ ሥራውን ለቀቀና ወደ አገራችን ተመለስን። የመስታወቱ ሣጥን በፍራሽ ተጠቅልሎ፣ ዓሣው በበርሚል ውስጥ ሆኖ፣ ያን ሁሉ አገር በጭነት መኪና አቋርጠን ገባን። ለምን እንዳልተውነው ባሌን አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። ልጅቷ ትወደው ነበር፣ ሌላ ምን ይባላል።

ይህ ዓሣ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ቀኑን ሙሉ እንዲሁ ነው። የሚተነፍሰው እንደዚያ ነው። እኔ ደግሞ አባቴ የቅኔ መምህር ስለነበሩ ሴት ናት ሳይሉ ዳዊት አስተምረውኝ፣ ጠዋት ጠዋት የዕለቱን ሳልደግም እህል አልቀምስም ነበር። ልጄ የእኔን ከንፈር ታያለች፣ የዓሣውን አፍ ታያለች፤ አንድ ቀን «እማዬ፣ እሱም ዳዊት እየደገመ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ባሌ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ የሚጠይቃት «ዛሬ ደገመ?» ብሎ ሆነ።

እሷ ከሄደች በኋላ አፌ ዳዊት እምቢ አለኝ። ዳዊቱ በማኅደሩ እንዳለ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እግዜርን ተቀይሜ ነው ብል ደስ ባለኝ፤ ቅያሜም አልነበረኝም። ደንዝዤ ነበር። ምግቡ አይጣፍጠኝ፣ ብርዱ አይበርደኝ። ለልቅሶ የሚመጣውን ሰው የሌላ ሰው ሐዘን እንደማስተናግድ ሆኜ ተቀመጡ፣ ብሉ፣ ጠጡ እል ነበር።

ባሌም ከኔ አይሻልም። ማታ ይገባል፣ ባርኔጣውን ያወልቃል፣ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ «ዛሬ ደገመ?» ይለኛል። «ደግሟል» እለዋለሁ። የሁለታችን ወግ በቃ ይኸው ነው፤ ሌላው ማሟያ ነው። ዓሣው ቢሞት ይቺው አንዲት ጥያቄ እንደምትሞት አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር ሁለት ዲዳዎች መሆናችን ነው።

ስለዚህ ለፋሁለት። የማርቆስን ብርድ ስለማይችል ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልቼ፣ በደንብ ወትፌ፣ ጠዋትና ማታ ውስጡ አስቀምጥለታለሁ። መብራት የሚመጣው ማታ ብቻ ስለነበር ቀን ቀን በብስክሌት መንፊያና በላስቲክ ቱቦ አየር እነፋለታለሁ። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ ስለማልነካ እሱም አብሮን ይጾማል። ውሃውን በአሞሌ ጨው ለምን አትበጠብጪም የሚሉኝ ነበሩ፤ ባሌ ግን ከባሕሩ ውሃ ሌላ አይሆንም ብሎ ከምፅዋ በበርሚል ያስመጣ ነበር። የሚያመጣው መኪና እህል ጭኖ የሚመለሰው ከሉማሜ ስለሆነ በርሚሉን የሚቀበለው እዚያ ሄዶ ነው።

አንድ ክረምት ለዚሁ ሄደ። መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ ጭቃ ይዞት ባሌ ሉማሜ ስምንት ቀን ተቀመጠ። በሄደ ማግሥት የነፍስ አባቴ ቤቱን ጠበል ሊረጩ መጡ። ሣጥኑ ያለበት ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። የጎረቤቱ ወሬ ደርሷቸዋል። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ አልተቆጡኝም። ፍጥረት ሁሉ የእግዜር ነው፣ ግን ሰው እየተሰናከለ ነው አሉኝ። ከዚያ ሲወጡ ዘወር ብለው «ልጄ፣ መስቀል አኑሪበት» አሉ።

የልጄን የአንገት መስቀል ከሙዳዩ አወጣሁ። የመዳብ ነው፤ በመጨረሻዋ ቀን ከነማተቡ ከአንገቷ የፈታሁት። ዓሣው የሚደበቅባት ስባሪ ገንቦ አጠገብ ውሃው ውስጥ አኖርኩት። ደስ አለኝ ልበል? አላለኝም። ብቻ የእሷ መስቀል ከእሷ ዓሣ ጋር መሆኑ ልክ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሥጋውን አልቀበልም አለ። በስድስተኛው ከገንቦው ወጥቶ በጎኑ ተኛ። አፉ ቀስ፣ ቀስ ይላል። ክንዴ እስኪዝል ነፋሁ፣ ጠርሙሱን ቶሎ ቶሎ ቀየርኩ፣ ብርዱ ነው ብዬ ሣጥኑን በጋቢ ሸፈንኩ። በስምንተኛው ቀን ጠዋት አፉ እንደተከፈተ ቀረ። አላለቀስኩም። ጋቢውን መልሼ አለበስኩትና በሩ ላይ ተቀምጬ ባሌን ጠበቅሁ።

ከሰዓት በኋላ በርሚሉን አሸክሞ መጣ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ «ዛሬስ ደገመ?» አለኝ።

«ጨረሰ» አልኩት።

መቶ ሃምሳውንም መዝሙር የዘለቀ ጨረሰ ይባላል፤ ያለቀለትም ጨረሰ ይባላል። አስቤ አልነበረም፣ ከአፌ እንዲሁ ወጣ። ባሌ የትኛው እንደሆነ ገባው። ገብቶ ጋቢውን ገለጠና ማተቡን ይዞ መስቀሉን ሳበው። አረንጓዴ ሆኗል። የነፍስ አባቴ ያሉኝን ነገርኩት። መርከብን ከሥሩ መዳብ የሚያለብሱት የባሕር ፍጥረት እንዳይጠጋው መሆኑን፣ መዳቡ እንደሚገድል ነገረኝ። ከዚያ «ሣጥኑ ላይ ማለታቸው ነበር» አለ።

እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኸም። አባቴ ለአንዲት «በት» ተማሪ ሲያንበረክኩ ይውሉ ነበር፤ እኔ ልጃቸው ላይም ውስጥም በምትሆነው በዚያችው «በት» የልጄን ዓሣ ገደልኩ። ባሌ ዓሣውን ከቤቱ ጀርባ ቆፍሮ ከተተው። መስቀሉን በአመድ አሽቶ፣ አጥቦ፣ በእጄ ሰጠኝ።

በማግሥቱ ማታ ገባ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ እንደ ልማዱ ባዶው ሣጥን አጠገብ ሄዶ ቆመ። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አያለሁ። አሁን ዲዳ ሆንን አልኩ በልቤ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺስ ደገምሽ?» አለኝ።

ደግሜያለሁ ልል ነበር፤ ማታ ማታ የለመድኩት መልስ እሱ ነው። አፌ አልታዘዘኝም።

«ከቀበርናት ጀምሮ አልደገምኩም» አልኩት።

ቀበርናት የሚለው ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ከእኔም ከእሱም አፍ ወጥቶ አያውቅም ነበር። ባሌ መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠ።