በጉባኤው ግድግዳ ላይ ያየሁት ፊት

ፒያሳ አካባቢ ባለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ከየከተማው የመጣን የቆዳ ሐኪሞች ተሰብስበን በሙያችን አዲስ የተገኘውን ስንሰማ ሁለተኛ ቀናችን ነው። ከምሳ በኋላ መድረክ ላይ የወጣው አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ነበር፤ ስለ ቁንጭር ሊናገር። ቁንጭር በደጋው ገደላገደል አንዲት ኢምንት ዝንብ ነክሳ የምታስተላልፈው፣ ፊትን ቀስ እያለ የሚበላ ቁስል ነው። ወዳጄ አሁን የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለ፣ ቁስሉን በሙቀት ማከምም እንደሚቻል እየነገረን ስላይዱን ቀየረ።

ግድግዳውን የሞላው ፊት እኔ ያነሳሁት ነበር።

ዓይኖቿ በጥቁር መስመር ተሸፍነዋል። ግን ከግራ ጉንጯ እስከ አፍንጫዋ የተዘረጋውን ቁስል፣ አንገቷን የዞረውን ንቅሳት እንዴት እረሳዋለሁ? አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ስልኩን አውጥቶ ግድግዳውን ፎቶ አነሳ። ሌሎችም አነሱ።

ጎንደር ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ ነው ከደጋው፣ ከመካነ ብርሃን ወገን ከአባቷ ጋር የመጣችው። ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ጠበል ስትጠመቅ ቆይታለች። ያኔ የነበረን መድኃኒት ለአንድ ወር ያህል በየቀኑ የሚወጋ፣ የሚያም መርፌ ብቻ ነበር። ካሜራዬን ሳወጣ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ማን ያየዋል?» አለችኝ።

«ሐኪሞች ብቻ። ለትምህርት ነው።»

ነጠላዋን ዝቅ አደረገች። ሕክምናው ሳይጋመስ ግን አጨዳ ደረሰና አባቷ ይዘዋት ሄዱ። መዝገቡ ላይ «ይመለሳሉ» ብዬ ጻፍሁ። አልተመለሱም፤ እኔም አልፈለግኋቸውም። ፎቶውን ለወዳጄ የሰጠሁት እኔው ነኝ።

ከጉባኤው በኋላ ፊቷ አልለቀቀኝም። ሌላ በሽተኛ እየመረመርሁ እሷን አያለሁ። ስታጠብ እጄ ጉንጬ ላይ ደርሶ ይቆማል። በሦስተኛው ሳምንት ለጤና ጣቢያ ሥልጠና ወደ መካነ ብርሃን የሚሄድ መኪና ተገኘና አብሬ ሄድሁ። ቤቷን ያሳየችኝ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት።

አባቷ ደጅ ላይ ገብስ ያሰጡ ነበር።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ» አልኋቸው።

አላወቁኝም። ልጃቸው ግን ድምፄን ሰምታ ወጣች፤ ነጠላዋ እስከ ዓይኗ ሥር ደርሷል።

«ዶክተሩ ነዎት» አለች።

ቁስሉ በራሱ ጊዜ ደርቋል። ነጠላዋን ስታወርደው ግን የአፍንጫዋ ግማሽ የለም፤ ከንፈሯ ወደ ላይ ተስቧል። የማደርገው ጠፍቶኝ ስለ አዲሱ መድኃኒት ነገርኋት።

«ይኼን ይመልሰዋል?»

«አይመልሰውም።»

«ታዲያ ምነው መጡ?»

ይቅርታ ልጠይቅሽ ነው አልኋት። ሳልፈልጋት መቅረቴን፣ ፎቶዋን አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዳየው ነገርኋት። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ «አሁን ይዘውታል? ያሳዩኝ» አለች።

ስልኬ ላይ ያለው ጥቁር መስመር የሌለበት ዋናው ነበር። ብዙ አየችው። ጤነኛውን ጉንጭ በጣቷ ነካ ስታደርገው ምስሉ ሰፋባትና ደነገጠች።

«ያኔ ሸጋ ነበርሁ» አለች። አባቷ ፊታቸውን ወደ ገብሱ አዞሩ።

«ላጥፋው?» አልኋት።

«የሌሎቹን ያስጠፉልኝ። ይኼን ግን አሳጥበው ይላኩልኝ፤ ሌላ የለኝም።»

ጎንደር እንደገባሁ አሳጥቤ በኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እጅ ላክሁላት። ወዳጄም ፎቶውን ከስላይዱ አጠፋው። አዳራሹ ውስጥ በስልክ ያነሱትን ግን አንድ በአንድ የት ብዬ አገኛቸዋለሁ? አሁንም ጉባኤ ላይ ተናጋሪው ስላይድ ሊቀይር እጁን ሲያነሳ ዓይኔን ከግድግዳው አነሳለሁ።

ባለፈው ክረምት ከዚያው ቀበሌ አንዲት ሴት መጣች። ጉንጯ ላይ ያለው ገና ሽንብራ ያህላል። «ቶሎ ሂጂ ብላ የላከችኝ ያች ፎቶዋን የላኩላት ናት» አለችኝ። የሚዋጠውን መድኃኒት ጀመረች፤ ቁስሉ ብዙም ምልክት ሳይተው ጠፋ። ልትሰናበተኝ ስትመጣ፣ «እሷስ እንዴት ናት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ደኅና ናት» አለች። «ገበያ ግን አትወጣም።»