መንገድ ያለው ባሕር

የፓስቴሉን ሳጥን በከፈትኩ ቁጥር ከቀለሙ በፊት የሚቀበለኝ ብናኙ ነው። ጠመኔ ጠመኔ የሚል፣ ደረቅ፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ አለው፤ አፍንጫዬ ስር እንደደረሰ ጅቡቲ መሆኔን አስረስቶ ክረምት የወጣለት ደብረ ታቦር ያደርሰኛል። ሳጥኑን የሰጠችኝ እኔ በምሠራበት መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል ታስተምር የነበረች ፈረንሳዊት ናት፤ አገሯ ስትመለስ ‹ከእኔ ይልቅ አንቺ ትፈልጊዋለሽ› ብላ ተወችልኝ። ሰባት ዓይነት ሰማያዊ፣ አራት ቡኒ፣ ጥቂት አረንጓዴ፣ ያለቀች አንዲት ነጭ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እህል ከቀመስኩ በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ሳጥኑን በዘንቢል ይዤ ወደ ባሕሩ ዳር እወርዳለሁ። ተረጋግቼ የሳልኩበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። እቀመጣለሁ፣ እነሣለሁ፣ ቦታ እለውጣለሁ፣ የጀመርኩትን ወረቀት ገልብጬ በጀርባው እጀምራለሁ። እዚህ ባሕሩ በየቀኑ ሸሽቶ ይሄድና እንደገና ይመለሳል፤ ሲሸሽ ጭቃው ተገልጦ ወፎች ይራመዱበታል፣ ሰዎችም ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ይገቡበታል። እኔ አልገባበትም። ከዳር ሆኜ እስላለሁ፤ በምስለው ባሕር ሁሉ መካከል ላይ ግን ምንም ያልተቀባ፣ ጣት የሚያህል ነጭ ክፍተት ይቀራል። ፈረንሳዊቷ መጀመሪያ ያየች ጊዜ ‹አልጨረስሽውም› ብላኝ ነበር። እንደማይጨረስ በምን ቋንቋ ልንገራት?

ለእኔ ባሕር ከጥንቱም መንገድ ያለው ነገር ነበር። ቤታችን ወደ ገሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ከበራችን ቆመን የጉናን ተራራ እናያለን፣ ጉና ደመናውን ሲያወልቅ እናቴ ልብስ ታጥባለች፣ ሲደርብ ታስገባለች። ባሕርን የማውቀው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከተሣለው ብቻ ነው፤ ውኃው ግራና ቀኝ እንደ ካብ ቆሞ፣ እንደኛ አገር ሰው ነጠላ ያጣፋ ሕዝብ በመካከሉ በደረቅ ያልፋል። እናም ባሕር ሁሉ እንዲያ ይመስለኝ ነበር፤ ደጃፍ የሌለው ቤት እንደማይኖር መንገድ የሌለው ባሕርም አይኖርም።

ወንድሜ መልካሙ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀድሞ ስላረፈ የቤቱ ወንድ እሱ ነበር፤ የእንቁጣጣሽ ሥዕልም የእሱ ሥራ ነው። ነሐሴ ሲጋመስ፣ ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ያጠራቀመውን የባለ ቀለም ጠመኔ ስብርባሪ በድንጋይ ይፈጨውና በጣቱ እያሸ በወረቀት ላይ መላእክት ይሥላል። ዓይናቸው ትልልቅ፣ ክንፋቸው ያማረ ነው፤ እግር መሣል ስለማይሆንለት ግን ሁሉም እስከ ጉልበታቸው ደመና ውስጥ ናቸው። በበዓሉ ጠዋት ሴቶቹ ሲዘፍኑ እሱ እየዞረ ለጎረቤት ያድላል፣ ዳቦና ሳንቲም ይዞ ይመለሳል።

አንድ ዓመት እኔም ልሣል ብዬ አስቸገርኩት። ‹ሣይ፤ መልአክ ግን እንዳትነኪብኝ› አለኝ። ባሕር ሣልኩ። ሰማያዊው ጠመኔ ገና የግራውን ካብ ሳልጨርስ አለቀብኝ፤ እናቴ ነጠላ ለማንጻት የምታስቀምጠውን ሰማያዊ ዱቄት ሰርቄ የቀኙን በእሱ አቆምኩት። በበዓሉ ጠዋት መስቀል ልሳለም ስቀርብ አሥሩም ጣቶቼ ሰማያዊ ነበሩ፤ እናቴ እጄን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ነው ያሳለመችኝ። የእኔን ሥዕል ግን የሚቀበል ጠፋ። ጎረቤታችን እማማ ጥሩነሽ ወረቀቱን ዘቅዝቀውም አቅንተውም አዩት።

“ይኼ የማን ማሳ ነው ልጄ? ገብሱስ ምን ሆኖ ሰማያዊ በቀለ?”

“ባሕር ነው እማማ።”

“ታዲያ መሐሉን ምን ሰነጠቀው?”

“መንገዱ ነዋ።”

“ኧረ ተባረኪ። ርብንም እንዲህ አርገሽ በከፈልሽልን፣ ክረምት ክረምት ይፋግ ማዶ አንታገትም ነበር።”

ዳቦውን ሰጡኝ፣ ሥዕሉን መለሱልኝ። ማልቀስ ስጀምር መልካሙ ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ ‹እኔ ወስጃታለሁ› አለና ቀይዋን ጠመኔ፣ የመላእክቱን ከንፈር የሚቀባባትን፣ በምትኳ ሰጠኝ። ሥዕሏን የእናቴ ዳዊት ውስጥ ከተታት።

በዚያው ዓመት ጥር ላይ ይፋግ ካለችው አክስታችን ዘንድ ለክርስትና ሄድን። አውቶቡሱ ሜዳው ላይ ሲደርስ ጣና በስተግራ ብልጭ አለ፤ መጀመሪያ መርፌ የሚያህል፣ ኋላ ሰፊ። መልካሙ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። እኔ በሙሉ ድምፄ ‹መንገዱ የታል?› ብዬ ጠየቅኩ፤ አውቶቡሱ በሳቅ ሞላ። ከኋላ ጭራ የያዙ ሽማግሌ ‹እሱ የሚከፈተው ለሙሴ ነው ልጄ፤ አንቺ በታንኳ ተሻገሪ› አሉኝ። መልካሙ አልሳቀም። ውኃው ከዓይናችን እስኪጠፋ ቆሞ ቀረ፤ ሲቀመጥ ‹ይኼ እኮ ማዶው ይታያል። ማዶው የማይታይም አለ አሉ› አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲያ እግሩ ቤት አልያዘለትም። በር ላይ ቆሞ ወደ ገሳይ የሚወጣውን መኪና እየቆጠረ ይውል ነበር፤ ዛሬ እኔን አላስቀምጥ የሚለኝ ያ የሱ አባዜ ሳይሆን አይቀርም።

አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ሥራ ሲያጣ፣ ወደብ ላይ ሥራ አለ ብሎ ተነሣ። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችለት። ሊወጣ ሲል ዳዊቱን ገልጦ ሥዕሏን አየት አደረጋትና መልሶ ከተታት፤ ‹እናና፣ መንገዱን እንዳትዘጊብኝ፤ በሱ ነው የምመለሰው› አለኝ እየሳቀ። ከዚሁ ከጅቡቲ፣ ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። ወደብ እንዳልቆየ፣ ወደ የመን የምትሻገር ጀልባ እንዳገኘ፣ ባሕሩም ዝም ያለ መሆኑን ነገረን። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም፤ ሲደርስ ያየውም፣ ሲቀር ያየውም አላገኘንም። እኔ ፈልጌው ልምጣ ብዬ ለአንድ ዓመት ነበር የመጣሁት። ይኸው ከመጣሁ ወዲህ መዋዕለ ሕፃናቱ ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ጎረምሶች ሆነዋል።

በቅዳሴ ለመንገደኞች የሚጸለይበት ቦታ አለ። እዚያ ስንደርስ የክርስትና ስሙን፣ ወልደ ገብርኤልን፣ በልቤ እጠራለሁ። አንድም ሰንበት አስታጉዬ አላውቅም። ባለፈው ጾም ግን እናቴ ደወለች።

“እናና፣ ጉልበቴ አልቋል። አባ ‹ተዝካሩን አውጪለት፣ ስሙ መንገድ ላይ አይቅር› ይሉኛል። እኔ ካለፍኩ ማን ያወጣለታል? ብቻ ያላንቺ ቃል አላደርገውም። ባሕሩ ዳር ያለሽው አንቺ ነሽ፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ።”

ምን አውቃለሁ? አውጪ ብል ወንድሜን ቃሌ የገደለው መሰለኝ፤ ተይ ብል ደግሞ ነፍሱን ያለ ጸሎት፣ እናቴን ያለ ዕረፍት ማስቀረት ሆነብኝ። ሁለት ሳምንት ስልኳን እየሸሸሁ ከረምኩ።

በሁለተኛው እሑድ እንደልማዴ ወረድኩ። ባሕሩ ሸሽቶ ነበርና ተቀምጬ መመለሱን ጠበቅኩ፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቼው እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። ግድግዳው ላይ እንደተሣለው የሚናድ ካብ የለም፣ ድምፅም የለም። ውኃው በጣት ልክ ይመጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ በጣት ልክ ይመጣል። አንዲት ወፍ ላይ ዓይኔን ጥዬ ቀና ስል መሬቱ የለም። ሰማያዊዋን አነሣሁና ጭኔ ላይ ባለው ሥዕል የቀረውን ነጭ ክፍተት ቀባሁት፤ በአውራ ጣቴ አሸሁት። ከሰባቱ ሰማያዊ አንዱም የእናቴን ዱቄት አይመስልም።

ማምሻውን ደወልኩላት።

“እማዬ፣ አውጪለት።”

“ገብሱ ይግባና ጠላውን እጠምቃለሁ” አለች። ቆይታ ደግሞ “ሥዕሏንስ ምን ላርጋት?”

“ዳዊቱ ውስጥ ትቆይ። እሷን አትንኪያት።”

“መች ነካኋት? ዳዊት በደገምኩ ቁጥር አያታለሁ እንጂ።”

ተዝካሩ ወጣ። ዘመድ ተሰብስቦ በላ፣ እናቴም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እንደሚወስዳት ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እኔ የቀረኝን ስቆጥር ብዙ አይደለም፤ የድምፁ ወዝ ጠፍቶብኛል፣ ሳቁን ግን አልረሳሁም። ስሙም በሥርዓቱ ላንቀላፉት ከሚጸለይበት ቦታ ገብቷል። ነገር ግን ባለፈው ሰንበት ዲያቆኑ ለመንገደኞች ጸልዩ ሲል አፌ ቀደመኝ፤ “ወልደ ገብርኤል” አልኩ። ላንቀላፉትም ሲደርስ ደገምኩት። ንስሐ አባቴን ብጠይቃቸው ምን እንደሚሉኝ አላውቅም፤ አልጠየቅኋቸውምም።

ያን እሑድ የቀባሁትን ሥዕል አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። የፓስቴል ወረቀት ሸካራ ነው፤ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢታሽ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። ከሩቅ ሙሉ ባሕር ነው። ጠጋ ብለው ሲያዩት፣ መሐሉ ላይ፣ ነጩ ነጥብ ነጥብ እያለ ከዳር እስከ ዳር ያልፋል።